እትዬ ገመድና የአበባ ማሰሮዎቹ

የባሌን ታላቅ እህት ግቢው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ተማሪውም፣ ዘበኛውም፣ አስተማሪውም «እትዬ ገመድ» ነው የሚላት። ረዥምና ቀጭን ስለሆነች፣ ቢጎትቷትም ስለማትበጠስ ይመስላችኋል? እሱም አለበት። ስሙ የወጣላት ግን ገና ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በልብስ አጣቢነት በተቀጠረችበት ሰሞን ነው። የልብስ ማስጫው ገመድ አልበቃ ቢላት ሌላ ገመድ ፈልጋ፣ ከላውንደሪው ግድግዳ አንስታ፣ የእግረኛ መንገዱን አሻግራ፣ የፕሬዝዳንቱ ቢሮ መስኮት ብረት ላይ አሰረችዋ! ፕሬዝዳንቱ ነፋስ ሊቀበሉ መስኮቱን ሲከፍቱ እርጥብ የትራስ ልብስ ፊታቸውን አበሰው።

«ይህን ገመድ ማነው ያሰረው?» ብለው ጮኹ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ!» አለች ከታች አንጋጣ። «ረገብ ብሎብኛል፤ እርስዎ ካሉበት ጠበቅ ያድርጉልኝ።»

አጠበቁላት። እውነቴን ነው፣ አጠበቁላት! ከዚያ ወዲህ ስንት ፕሬዝዳንት መጥቶ ሄዷል፤ እትዬ ገመድ ግን እዚያው ናት።

ላውንደሪው ከተማሪዎቹ ማደሪያ ጀርባ ባለው አሮጌ የድንጋይ ሕንጻ ውስጥ፣ ከታች ነው። ከላይ ድሮ የስብሰባ አዳራሽ የነበረ፣ በኋላ የተሰባበረ ወንበር መጣያና የርግብ መኖሪያ የሆነ ሰፊ ክፍል ነበር። እኛ ጋ በግድግዳው ዙሪያ የሲሚንቶ ገንዳዎች፣ መሃል ላይ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ማሽኖች አሉ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይታመማል። ተራ ይገባባሉ እንጂ ሁለቱም ባንድ ቀን ደህና ሆነው አያውቁም። የእኔ የካውያ ጠረጴዛ መስኮቱ ስር ነው። ዓመቱን ሙሉ እጄ ይሞቀዋል፣ እግሬ ይበርደዋል። ክፍሉ በረኪናና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል፤ ሌላ ነገር ከሸተተኝ የሰው ቤት የገባሁ ይመስለኛል።

እትዬ ገመድ አንድ ሕግ አላት። ላውንደሪ ውስጥ እጁን አጣጥፎ የሚያወራ ሰው አትወድም። ወሬ ይዞ የመጣ፣ አቤቱታ ይዞ የመጣ፣ ሊያለቅስ የመጣ፣ ሊቆጣ የመጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ መጀመሪያ የታጠበ አንሶላ ጫፍ ይይዛል። ማሽኖቹ መጭመቁን ከተዉት ቆይተዋልና አንሶላ የምንጨምቀው በእጅ ነው፤ ለብቻ ደግሞ አይሆንም። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ አንሶላውን ወጥሮ፣ አንዱ ወዲህ ሌላው ወዲያ ያጠማዝዘዋል። አዲስ ሰው ሁሌ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የእሷን እጅ እያየ እሷ ወደ ዞረችበት ይዞራል። ያን ጊዜ አንሶላው እንደ መዝለያ ገመድ አየር ላይ ይሽከረከራል እንጂ ጠብ የሚል ውሃ የለም።

«ከእኔ ጋር አትዙር!» ትላለች ጮኻ። «ተቃወመኝ! ተቃወመኝ እንጂ፣ ምን ታባብለኛለህ?»

አንሶላ ተይዞ አንቱታም የለም። ፕሮፌሰር ቢሆን፣ የፕሮፌሰር አባት ቢሆን፣ በዚያኛው ጫፍ ያለ ሰው «አንተ» ነው። ስንቱ ተማሪ ነው ፈተና ወድቆ፣ ከቤቱ ክፉ ወሬ ሰምቶ፣ የሚወዳት ልጅ ዘግታው፣ አፍንጫው ቀልቶ መጥቶ፣ እጅጌው እስከ ክርኑ ረጥቦ እየሳቀ የወጣው! ምክር ሰጥታቸው እንዳይመስላችሁ። እሷ የምትለው «አጥብቀህ ያዝ» ብቻ ነው።

እልኋ ደግሞ ዛሬ የመጣ አይደለም። አዲስ ባገባች ጊዜ ባሏ «የሰው አንሶላ ማጠቡን ተዪውና ቤትሽ ተቀመጪ» አላት። የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ ጨዋ ሰው ነው፤ ያኔ ግን ጓደኞቹ ሞልተውት ነበር።

«ልቀመጥ?» አለችው።

«ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። በሩ አጠገብ ወንበር አውጥታ ቁጭ! ጠዋት ሲወጣ ተቀምጣለች፣ ማታ ሲገባ ተቀምጣለች። ምድጃው አልተለኮሰ፣ አልጋው አልተነጠፈ፣ ሸሚዙ አልታጠበ።

«ምነው ምን ሆንሽ?» ቢላት፣

«ተቀመጪ አላልከኝም እንዴ? ብነሳ ቃልህን ማፍረስ አይሆንብኝም?»

ሳምንት ሳይሞላ ባልየው ራሱ በአውቶቡሱ ግቢው በር ድረስ አድርሷት ተመለሰ። ተሳፋሪው «መስመሩ ተቀየረ እንዴ?» እያለ ሲንጫጫ ነበር አሉ።

እንግዲህ ወደ ሕንጻው ነገር ልምጣ። አንድ ቀን ጠዋት የተማሪዎች ዲኑ ላውንደሪያችን ድረስ መጣ። አንቱ ያላልኩት ንቄው አይደለም፤ በኋላ እንደምታዩት አንሶላችንን ይዟል፣ ሕግ ደግሞ ሕግ ነው። ክፉ ሰውም አይደለም። ሸሚዙ ሁሌ በደንብ የተተኮሰ ነው፤ አንገትጌውን አይቼ ተኳሹን በልቤ አመስግኜዋለሁ። ችግሩ አፉን ሲከፍት ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ያለ ይመስለዋል።

«እንግዲህ እንደሚታወቀው፣» አለ፣ «ተማሪው ለአንድ መታወቂያ ከዚህ ቢሮ እዚያ ቢሮ ሲንከራተት ይውላል። ክፍያው ዋናው ሕንጻ ላይ፣ የማደሪያው ጉዳይ ሌላ ሕንጻ፣ ክሊኒኩ ግቢው ጫፍ። ስለዚህ ይህ ሕንጻ ታድሶ ሁሉንም በአንድ ጣሪያ ስር የሚይዝ የተማሪዎች አገልግሎት ማዕከል ይሆናል።»

እትዬ ገመድ በእርጥብ እጇ አጨበጨበች፤ አረፋው የዲኑ ክራቫት ላይ አረፈ።

«ጎሽ! አሁን ገና ለተማሪ የሚያዝን ሰው መጣ! ስንቱ ልጅ ነው በመመላለስ ጫማው ያለቀው!»

ያን ሰሞን ደስታዋን አትጠይቁኝ። ላገኘችው ሁሉ «ሕንጻችን ሊታደስ ነው፤ ሁሉም ወደ እኛ ሊመጣ ነው» ትል ነበር። ወደ እኛ! ሬጅስትራሩም፣ ክሊኒኩም፣ ገንዘብ ቤቱም እንግዳ ሊሆኑ፣ እኛ የቤቱ ባለቤቶች ልንሆን! ገንዳዎቹን በብሩሽ ፈገፈገቻቸው፤ የመስኮቱን ብረት አጠበችው። «እንግዳ ሲመጣ ቆሽሸን እንጠብቅ?» ትለኛለች፣ የካውያዬን ጠረጴዛ እግር ሳይቀር እየወለወለች።

ከዚያ የግቢው በር ላይ ትልቅ ሥዕል ተሰቀለ። ሕንጻችን ነው፤ መስታወት በመስታወት ሆኗል። ውስጡ ፊት የሌላቸው ሰዎች ቦርሳ አንጠልጥለው ይሄዳሉ። መታወቂያ እዚህ፣ ክፍያ እዚህ፣ ማደሪያ እዚያ፣ ምክር ከፎቅ። እትዬ ገመድ ከዳር እስከ ዳር አየችው። ቀርባ አየችው። ራቅ ብላ አየችው። በመጨረሻ የበሩን ዘበኛ ጠራችው።

«አንተ፣ ዓይንህ ከእኔ ይሻላል። እኛ የት ነን?»

ዘበኛው ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «ገንዳው ያለው... እዚህ ጋ አይደል እትዬ?»

«እሱ ነው።»

«እዚህማ የአበባ ማሰሮ ነው የተሣለው።»

«ማሽኖቹስ?»

«እሱም ማሰሮ ነው። ይኼኛው እንኳ ተለቅ ይላል።»

«ሙሽራዬስ? የካውያው ጠረጴዛ?»

ሙሽራዬ የምትለው እኔን ነው። ወንድሟ ካገባኝ ልጆቻችን ራሳቸው ለማግባት ደርሰዋል፤ ለእሷ ግን ዛሬም ሙሽራ ነኝ። ዘበኛው ሥዕሉን አየ፣ እኔን አየ፣ አዘነልኝ።

«እሷ ሶፋ ሆናለች» አለ።

ወዲያው እጄን ይዛ ወደ ዲኑ ቢሮ! ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ጸሐፊዋ «ቀጠሮ አላችሁ?» ሳትል እኛ ገብተናል።

«እንግዲህ እንደሚታወቀው...» ብሎ ሲጀምር፣

«አይታወቅም!» አለችው። «ቢታወቅማ ለምን እመጣለሁ? ላውንደሪው የት ገባ?»

ዲኑ ወንበር አሳያት፤ አልተቀመጠችም። አንሶላውን ከከተማ በመኪና እየመጣ የሚወስድ ድርጅት እንደሚያጥበው፣ እኛ ደግሞ ወደ አትክልት ክፍል እንደምንዛወር በትሕትና አስረዳን።

«ሥራው ውሃ ማጠጣት ነው» አለ። «ያው ውሃ ነው፤ አይከብዳችሁም።»

«ሰማሽ ሙሽራዬ? ያው ውሃ ነው!» ወደ እሱ ዞረች። «እሺ፣ ሌሊት ትኩሳት ይዞት አልጋው ላይ ያስመለሰ ልጅስ? መኪናው እስኪመጣ አንሶላውን አቅፎት ይደር? ያለችውን አንዲት ሸሚዝ አሳጥቦ ለፈተና የሚለብስስ የት ይሂድ?»

«እትዬ፣ ይረዱኝ እንጂ። ይህ የአገልግሎት ማዕከል ነው። መታወቂያ መስጠት አገልግሎት ነው፤ ምክር መስጠት አገልግሎት ነው። ልብስ ማጠብ አገልግሎት ተብሎ አልተያዘም።»

«ታዲያ ምን ተብሎ ተያዘ? ቅጣት?»

ዲኑን ሳል ያዘው። እኔ ሳቄን ልውጥ ብዬ የጫማዬን ጫፍ እመረምራለሁ።

«ፕላኑ ጸድቋል» አለ ሳሉ ሲለቀው። «ሥራው ሲጀመር ክፍሉን ትለቃላችሁ።»

«አልለቅም።»

«እንዴት ነው የማይለቁት?»

«እንዲህ ነዋ። ግድግዳውን ስታፈርሱ ውስጥ ነኝ፤ ጣሪያውን ስትቀቡ ውስጥ ነኝ። ቀለም ከነካኝ እታጠባለሁ። ሙያዬ ነው።»

በዚያ ምሽት ባሌ ራት አልበላም አለ። «እህቴን አውቃታለሁ፤ አንዴ እምቢ ካለች አትመለስም» አለኝ። «ግን ሁለታችሁም ከሥራ ብትባረሩ ምን ልንሆን ነው? አንቺ እንኳ ዝም ብለሽ አትክልትሽን አጠጪ።» ፈሪ ነኝ። ካውያ ይዞ የኖረ ሰው እጁን ሳያስብ አይዘረጋም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ሥራው ተጀመረ። ፎቁ ላይ መዶሻ በወረደ ቁጥር ከጣሪያችን አቧራ እንደ ዱቄት ይነፋል። ርግቦቹ ተቆጥተው ሄዱ። ሌሎቹ አጣቢዎችም አንድ በአንድ ወደ አትክልት ክፍል ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም። እኔና እሷ ቀረን። የቀረሁት ደፍሬ አይደለም፤ «ነይ ሙሽራዬ» ስትለኝ እምቢ ማለት ከዲኑ ይልቅ ስለሚያስፈራኝ ነው። ገንዳዎቹን በላስቲክ ሸፈነቻቸው። ገለጥ አድርጋ ታጥባለች፣ መዶሻው ሲመጣ ትሸፍናለች፣ ሲሄድ ትገልጣለች። አናቷ ላይ አቧራው ነጭ ኮፍያ ሠርቶላት «አረጀሁ እንዴ?» ብላ ትስቃለች።

የግንባታው ፎርማን በፉጨት ብቻ የሚያዝ ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ሠራተኞቹም «ፉጨት» ይሉታል። ፉጨት አንድ ቀን ጓሮ የቆሙትን የልብስ ማስጫ ብረቶቻችንን አስነቅሎ ቦታው ላይ አሸዋ አስደፋበት። ያን ጊዜ በር ላይ አንድ ጋሪ ሙሉ እርጥብ አንሶላ ቆሟል። እትዬ ገመድ አሸዋውን አየች። አንሶላውን አየች። ከዚያ ቀና አለች። ሠራተኞቹ የሚቆሙበት አዲሱ የእንጨት እርብራብ ሕንጻውን ከእግሩ እስከ አናቱ ከቦታል። ፀሐይ ፊት ለፊት ያገኘዋል፣ ነፋስ ከጎን ይመታዋል፣ ያውም ምንም አልተሰጣበትም!

ወጣች! በዚህ ዕድሜዋ ቀሚሷን ሰብስባ ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ በመሰላሉ ሽቅብ። እኔ ከታች አቀብላለሁ፣ እሷ ከላይ ትዘረጋለች። ለምሳ ስንወጣ ያ የተከበረ ማዕከል ከዳር እስከ ዳር አንሶላ ለብሶ እንደ መርከብ ይንሳፈፋል።

ፉጨት በፉጨት አበደ። የሚሰማው ሲያጣ በሰው ቋንቋ ጮኸ።

«እትዬ! ይኼ እርብራብ ነው!»

«አየሁት። ማን አሰረው? ቀጥ ያለ ነው፣ እጁ ይባረክ።»

«ሰው ሊሠራበት ነው እኮ!»

«ማን ከለከለው? አንሶላ አይናከስም።»

«ቢቆሽሽስ?»

«ባይቆሽሽ እኔ ምን ልበላ ነው?»

ይህን ስትል ፉጨትን ከላይ እስከ ታች እያየችው ነበር። «ይህን ቱታ ከመቼ ወዲህ ነው ያላወለቅከው? ሲሚንቶው ደርቆበት ብታወልቀው ብቻውን ይቆማል። አምጣው።»

በማግስቱ ፉጨት ታጥቦ የተተኮሰ ቱታ ለብሶ ወጣ። የሱሪውን መስመር ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ብርቱካን ይቆርጥ ነበር! ሠራተኛው ሁሉ በቅናት ተቃጠለ። ሳምንቱ ሳያልቅ የግንበኛው፣ የቀለም ቀቢው፣ የአናጢው ልብስ ገንዳችን ውስጥ ነው። እነሱም አንሶላችንን ፀሐይ ወዳለበት ጎን እያዞሩ ይሠሩ ጀመር። ፉጨት ለሲሚንቶ አጭር ፉጨት አለው፣ ለአንሶላ ረዥም። ከፎቁ ወርዶ የእኛን ግድግዳ ሊያፈርስ ተራው ሲደርስ ደግሞ «ይኼ ግድግዳ ይቆየኝ፤ መጨረሻ ላይ ነው የሚያምረው» ብሎ በሌላው ጎን ጀመረ።

ጉድ የፈላው ለግንባታው ገንዘብ የሰጡት ሰዎች ሥራውን ሊጎበኙ ቀን ሲቆረጥ ነው። ዲኑ እየሮጠ መጣ። ትሕትናውን ቢሮ ጥሎት ነበር የመጣው።

«እንግዶቹ ሲመጡ እርብራቡ ላይ አንድ የትራስ ልብስ እንኳ እንዳላይ! ያለበለዚያ ሁለታችሁም በማግስቱ ተሰናብታችኋል። በዚህ አልቀልድም።»

እትዬ ገመድ ወደ ገንዳዋ ዞረች። እኔን ያስፈራኝ ይኼ ነው። ጎንበስ እንዳለች የገንዳውን አረፋ በመዳፏ ከወዲህ ወዲያ ትገፋዋለች። ዲኑ ያሸነፈ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ሄደ።

«ሙሽራዬ» አለችኝ፣ ኮቴው ሲርቅ። «የአንሶላ ቅያሪ መቼ ነው?»

«ሁሌም ቅዳሜ ነው እንጂ።»

የቅያሪ ቀን ማለት፣ ተማሪው በሙሉ የቆሸሸ አንሶላውን ጠቅልሎ መጥቶ በመስኮታችን ሰጥቶን ንጹሑን የሚቀበልበት ቀን ነው።

«የዚህ ሳምንት ቅያሪ እንግዶቹ የሚመጡ ቀን ነው» አለች።

«እትዬ! አንድ ልብስ እንዳላይ ብሏል እኮ!»

«እርብራቡ ላይ ነው ያለው። እርብራቡ ላይ አያይም።»

እጇን በሽርጧ አድርቃ ወደ ማደሪያዎቹ ሄደች። ማስታወቂያ አልለጠፈች፣ ማይክሮፎን አልያዘች። ከየሕንጻው ስር ቆማ ጮኸች፣ በቃ። የእሷን ድምፅ ያልሰማ ተማሪ ቢኖር ትምህርቱን ጨርሶ የሄደ ነው።

የእንግዶቹ ቀን ጠዋት ባሌ በር ላይ ቆመብኝ። «ዛሬ እንኳ ቅሪ። አሞኛል በይና ተቀመጪ።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ያ ሁሉ ፍርሃቴ ከየት ወዴት እንደሄደ አላውቅም። «ተቀመጪ እንዳትለኝ» አልኩት። «የተቀመጠች ሚስት ምን እንደምትመስል የእህትህን ባል ጠይቀው!» ነጠላ ጫማዬን እንኳ በቅጡ ሳላጠልቅ ወጣሁ። ኋላዬ ሲስቅ ሰማሁት መሰለኝ።

እርብራቡን አራቆትነው። አንድም የትራስ ልብስ የለበትም። ሁሉም ተተኩሶ፣ ተጣጥፎ፣ ውስጥ ከጠረጴዛዬ እስከ ጣሪያው ተከምሯል። ዲኑ ከሩቅ አየና ራሱን በደስታ ነቀነቀ፤ ወደ ጓሮ ግን አልዞረም።

እንግዶቹ መጡ። ከፊት ከዘራ የያዙ አንዲት አሮጊት አሉ፤ ሁሉም የሚያጎነብሰው ለእሳቸው ነው። ዲኑ በጎናቸው እየሄደ ያስረዳል። «እንግዲህ እንደሚታወቀው፣ ማዕከሉ ሲጠናቀቅ ተማሪው ሳይንከራተት በሥርዓት ተሰልፎ፣ ከመስኮት ቀርቦ፣ የሚፈልገውን አግኝቶ...» እያለ ጥጉን ታጠፉ።

ተማሪ! ጥቅል አንሶላ በብብቱ የያዘ ተማሪ፣ ከመስኮታችን ጀምሮ ሕንጻውን ዞሮ እስከ አሸዋው ክምር ተሰልፏል። ግፊያ የለ፣ ጩኸት የለ፤ እትዬ ገመድ ፊት ማን ይጋፋል? አንዱ ቀርቦ ይሰጣል፣ ንጹሕ ይቀበላል፣ ይሄዳል። ሌላው። ሌላው።

አሮጊቷ ከዘራቸውን ተክለው ቆሙ።

«ጀምራችኋል እንዴ?» አሉ። «ሕንጻው ሳያልቅ?»

ዲኑ ሰልፉን አየ። አሮጊቷን አየ። በመስኮቱ ብረት መሃል እትዬ ገመድን አየ። ፊቱ እንደ ትራስ ልብሴ ነጣ። «አልጀመርንም፣ እነዚህ መባረር ያለባቸው ናቸው» ቢል በዚያ ሁሉ ተማሪ ፊት ምን ሊሆን ነው? እሷ ደግሞ ዓይኗን አልሰበረችም፤ አንሶላ በአንድ እጇ እንደያዘች ቀጥ ብላ ታየዋለች። ከካውያዬ ስር ጭስ ሲወጣ እንኳ አላየሁም። በሥራ ዘመኔ ያቃጠልኩት ልብስ ቢኖር ያ ነው።

«አዎ!» አለ ዲኑ። ድምፁ ራሱን አስደነገጠው። «አዎ... እንግዲህ እንደሚታወቀው... ይህ መስኮት ቁጥር አንድ ነው።»

«ግሩም ነው!» አሉ አሮጊቷ። «ለምርቃቱ ስመጣ ከቁጥር አንድ ነው የምጀምረው።»

ከመስኮቱ ውስጥ የእትዬ ገመድ ድምፅ ወጣ፦ «ቁጥር አንድ! ቀጣይ!»

ዲኑ እንግዶቹን ሸኝቶ ተመለሰ። እርር ድብን ብሎ ነው የገባው፤ በሩ ከግድግዳው ጋር ተላተመ።

«እትዬ!»

ዞር እንኳ ሳትል ከገንዳው አንሶላ መዘዘችና አንዱን ጫፍ ዘረጋችለት። ሰው እርጥብ ነገር ሲዘረጋለት ለምን እንደሚቀበል አላውቅም። ተቀበለ።

«ላሰናብትሽ ነው የመጣሁት!»

«አውቃለሁ። መጀመሪያ ይህን እንጨርስ።»

አጠማዘዘች። እሱም አጠማዘዘ፤ ወደ እሷው። አንሶላው አየር ላይ ተሽከረከረ፣ ጠብ ያለ ውሃ የለም።

«ከእኔ ጋር አትዙር! ተቃወመኝ!»

«እየተቃወምኩሽ ነው!»

«በአፍህ ነው። በእጅህ ተቃወመኝ!»

ጥርሱን ነክሶ ወዲያ አዞረው። ውሃው ዧ ብሎ ጫማው ላይ ወረደ። አልለቀቀም።

«አዋረድሽኝ!» አለ እያጠማዘዘ።

«ማን? ግሩም ሲሉህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አጥብቅ።»

«አስዋሸሽኝ!»

«አልዋሸህም። ትንሽ ቀድመህ ተናገርክ።»

«ፕላኑ ጸድቋል አልኩሽ! ማሰሮዎቹ...»

«ማሰሮህን ደጅ አውጣው። አበባ ምን በወጣው ቤት ውስጥ ይታሰራል? ዝናቡን ይጠጣ።»

«ሶፋውስ?»

«ከሙሽራዬ አጠገብ አድርገው። እሷም አንዳንዴ አረፍ ትበል።»

ዲኑ ቀና ብሎ አየኝ። እኔም በተቃጠለው የትራስ ልብስ ፊቴን አራገብኩ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

«ገንዳዎቹ ይቀነሳሉ» አለ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ግማሹ ይነሳል።»

«ጥግ ያሉትን ውሰድ፤ ያፈሳሉ።»

«ማሽንም ሁለት አይኖርም።»

«ታማሚውን ውሰደው።»

«የትኛው ነው ታማሚው?»

«ሁለቱም። ስለዚህ አዲስ ታመጣለህ።»

«በዚህ አልቀልድም!» አለ ዲኑ። አንሶላውን ግን ጨርሶ ጨመቀው። እኔ የምመሰክረው፣ ያን አንሶላ ስተኩሰው እርጥበት አልነበረውም።

አላሰናበተንም። እንዴት ያሰናብት? አሮጊቷ ሲመለሱ ቁጥር አንድ የት ሄደ ቢሉት ምን ሊል ነው? የገንዳዎቻችንን ግማሽ ወሰደብን፤ ጓሯችንንም በንጣፍ ድንጋይ ሸፈነው። እትዬ ገመድ አንድም ቀን «እሺ» አላለችም፤ በእያንዳንዱ ድንጋይ ተከራክራለች። ፉጨት ጣሪያው ላይ የብረት ምሰሶ ተክሎ አዲስ ገመድ ወጠረልን፤ ማንም አላዘዘውም። ወደ አትክልት ክፍል ከሄዱት አጣቢዎችም ሁለቱ ተመለሱ። «አበባው ወሬ አያወራም» አሉ።

ሕንጻው አለቀ። እውነት ለመናገር ያምራል። መስኮቶቹ በተርታ ተሰድረዋል፦ መታወቂያ፣ ክፍያ፣ ማደሪያ፣ ክሊኒክ። በእያንዳንዱ መስኮት ላይ መስታወት፣ በመስታወቱ መሃል ጡጫ የምታህል የመነጋገሪያ ቀዳዳ። ቁጥር አንድ ላይም ያው መስታወት፣ ያችው ቀዳዳ። ምርቃቱ ሊደርስ ሲል እትዬ ገመድ ፉጨትን ጠራችው።

«ና እስቲ፣ በዚህች ቀዳዳ አንሶላ አሳልፍልኝ።»

ፉጨት ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው፤ ሞከረ። ጫፉን አሹሎ ከተተ፣ ገፋ፣ ከወዲያ ዞሮ ጎተተ። አንሶላው መሃል ላይ ተወተፈ።

«የትራስ ልብስ ግን ያልፋል» አለ ላቡን እየጠረገ።

«ብርድ ልብስስ?»

አላሰበም። ረዥሙን ፉጨት፣ የአንሶላውን፣ አፏጨ። አንዱ ሠራተኛ ካቻቢቴ ይዞ ከተፍ አለ።

በምርቃቱ ቀን አሮጊቷ እንደ ቃላቸው ከቁጥር አንድ ጀመሩ። ሰላምታ ሊሰጡ ጎንበስ ሲሉ እትዬ ገመድ በባዶው መስኮት እርጥብ ጫፍ አቀበለቻቸው። ከዘራቸውን እኔ ያዝኩላቸው። ማንም ሳይነግራቸው፣ ከመጀመሪያው፣ በትክክል ተቃወሟት! እትዬ ገመድ ዓይኗ አበራ። «አንቺ የት ነበርሽ እስከ ዛሬ?» አለቻቸው።

ዲኑ ግን ያየው ሌላ ነገር ነው። ጣቱን በባዶው መስኮት አሳልፎ ወደ ውስጥ አስገባ፤ ወደ ውጭ አወጣ።

«እትዬ፣ የዚህ መስኮት መስታወት የት ሄደ?»

«ቆሽሾ ነበር። ላጥበው ወስጄዋለሁ።»

«መቼ ይመለሳል?»

«ሲደርቅ።»

መስታወቱ ዛሬም ጣሪያው ላይ፣ ከገመዶቹ ስር ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ልብስ ልናወርድ ስንወጣ እትዬ ገመድ ጎንበስ ትልና በጣቷ ጫፍ ትነካዋለች።

«ገና ነው» ትላለች።